ወረቀቱ ወጣ ወይስ አልወጣም?

እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰን ኒው ጀርዚ፣ መሪ ሂል በሚገኘው ቤል ላብስ ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጻፍ ሲጀምር የሚሠራበት ማሽን ብዙ ፈላጊ ያልነበረው አሮጌ ፒዲፒ-7 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አለቆቹ መልቲክስ በተባለ ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ብዙ ካፈሰሱ በኋላ ጥለው መውጣታቸው ነበርና ስለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሰማ ጆሮ አልነበራቸውም። ቶምሰን፣ ዴኒስ ሪቺና ባልደረቦቻቸው አዲስ ማሽን እንዲገዛላቸው ጠይቀው አልሆነም። በኋላ የጥያቄውን መልክ ለወጡት፦ የጽሑፍ ማዘጋጃ ሥርዓት እንሠራለን፣ ለእሱ ፒዲፒ-11 ያስፈልገናል አሉ። ይህኛው ተፈቀደ። በ1971 ሁለተኛ አጋማሽ ከድርጅቱ የፓተንት ክፍል የመጡ 3 ጸሐፊዎች ዩኒክስ ላይ የፓተንት ማመልከቻ ሲጽፉ፣ ሲያርሙና ሮፍ በተባለው ፕሮግራም ገጽ ሲያስይዙ ይውሉ ጀመር። የፓተንት ማመልከቻ መስመሮቹ ቁጥር እንዲኖራቸው ይፈለጋል፤ ሮፍ ይህን መቻሉ የፓተንት ክፍሉን ልብ ካሸነፉት ነገሮች አንዱ ነበር። ዩኒክስ የመጀመሪያ እንጀራውን የበላው በወረቀት ሥራ ነው።

ያኔ ፕሪንተር ሩቅ አልነበረም። ከኮምፒውተሩ ጋር በኬብል ታስሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቆማል። ያስቸገረው ተራ ማስያዝ ነው። ኮምፒውተሩ በቅጽበት የሚያዘጋጀውን ገጽ ፕሪንተሩ እየተንቋቋ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢልኩ ደግሞ የአንዱ መስመር ከሌላው መስመር ጋር ተደባልቆ ይወጣል። መፍትሔው ስፑል ነበር። ተጠቃሚው ኤልፒአር የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጥ ፋይሉ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይሄድም፤ ለዚሁ በተለየ ዳይሬክተሪ ውስጥ ይቀመጥና ኤልፒዲ የተባለ፣ ከበስተጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም በየተራው እያነሳ ያወጣዋል። በ1975 የወጣው 6ኛው የዩኒክስ እትም ኤልፒዲን ይዞ ነበር። ሰውየው ትእዛዙን ሰጥቶ ወደ ሌላ ሥራው ይመለሳል። ወረቀቱ መውጣት አለመውጣቱን ማወቅ ከፈለገ ተነስቶ ያያል። ፕሪንተሩ እዚያው ነውና ይህ ማንንም አላስጨነቀም።

ርቀቱን ያመጣው ሌላ ቤት ነው። ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለ የዜሮክስ መሐንዲስ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ዌብስተር በሚገኘው የኩባንያው የምርምር ማዕከል ሳለ በ1969 የሌዘር ጨረርን ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር የማዋሃድ ሐሳብ ይዞ ተነሳ። አለቆቹ ሐሳቡን አልወደዱለትም። በ1971 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎ አልቶ ወደተከፈተው አዲሱ የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ተዛወረና አንድ የኩባንያውን ኮፒ ማሽን ወስዶ በሰከንድ አንድ ገጽ የሚያወጣ ሌዘር ፕሪንተር አደረገው። በዚያው ማዕከል አልቶ የተባሉ፣ እያንዳንዱ ተመራማሪ በየጠረጴዛው የሚይዛቸው ኮምፒውተሮች እየተሠሩ ነበር። ለእያንዳንዱ አልቶ አንድ ሌዘር ፕሪንተር መግዛት የማይታሰብ ነው። አንዱን ፕሪንተር ሁሉም እንዲጋሩት ሽቦውን የሚዘረጋው ማነው? ሥራው የተሰጠው ቦብ ሜትካፍ ለተባለ ወጣት ነበር። ግንቦት 22 ቀን 1973 ሜትካፍ የጻፈው ማስታወሻ ኢተርኔትን ወለደ፤ የመጀመሪያው ፍጥነቱ በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል። ዛሬ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው ኢተርኔት ከተወለደባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ፕሪንተርን መጋራት ነው። እኛ ፕሪንተሩን ኔትወርኩ ላይ እንደተጨመረ ዕቃ የማየት ልማድ አለን፤ ፓሎ አልቶ ላይ ግን ኔትወርኩን የጠራው ፕሪንተሩ ነበር።

ዜሮክስ በ1977 በደቂቃ 120 ገጽ የሚያወጣውን 9700 የተባለ ሌዘር ፕሪንተር ለገበያ አቀረበ። በ1980 ገደማ ደግሞ ለኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አእምሮ ላቦራቶሪ አንድ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር በስጦታ ሰጠ። በላቦራቶሪው ከዚያ በፊት የነበረውም የዜሮክስ ፕሪንተር ነበር፤ ዘገምተኛ ነው፣ ወረቀትም ጃም ያደርጋል። ነገር ግን የሚነዳው ፕሮግራም ሶርስ ኮድ በእጃቸው ስለነበረ ሪቻርድ ስታልማን የተባለው ፕሮግራመር አንድ ነገር ጨምሮበት ነበር፦ ፕሪንተሩ ወረቀት በያዘው ቁጥር ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ባሉበት ተርሚናል ላይ መልእክት ይደርሳቸዋል። ከፕሪንተሩ ርቆ የተቀመጠ ሰው ወረቀቱ እንደቆመ ያውቃል፤ ጉዳዩ ያሳሰበው ሄዶ ያስተካክለዋል። አዲሱ ፕሪንተር ፈጣንና ጥራት ያለው ቢሆንም ሶፍትዌሩ ያለ ሶርስ ኮድ መጣ። ስታልማን ያንኑ መልእክት ሊጨምርበት ፈለገ፤ መንገድ አልነበረም። በኋላ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ኮዱ አለው የተባለ ተመራማሪ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። ሰውየው ለማንም ላለመስጠት ፈርሜያለሁ ብሎ ከለከለው። ስታልማን ይህን ክልከላ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሳው ኖሯል። መስከረም 27 ቀን 1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅ ከጀርባው ከነበሩት ቁጭቶች አንዱ ይኸው የፕሪንተር ጉዳይ ነው።

ከአዋጁ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 1983፣ በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 4.2ቢኤስዲ የተባለውን የዩኒክስ እትም አወጣ። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ኤጀንሲ ገንዘብ የከፈለበት ይህ እትም የኔትወርክ ፕሮቶኮሉን ቲሲፒ/አይፒን ከነሙሉ ዕቃው ይዞ የመጣ ነው። ለማተሚያው ክፍልም ራልፍ ካምቤል ማኑዋሉን ያዘጋጀለት አዲስ የስፑል ሥርዓት ነበረው። ከሩቅ ሆኖ ማተም ለዩኒክስ ሰው የዕለት ሥራ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

ቁልፉ ኢቲሲ በተባለው ዳይሬክተሪ ሥር የተቀመጠ ፕሪንትካፕ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። ፕሪንተር ያልተሰካበት ማሽን ላይ የተቀመጠው አስተዳዳሪ ፋይሉን ከፍቶ በመጀመሪያ የፕሪንተሩን ስም ይጽፋል፤ ተጠቃሚው ስም ሳይጠራ ቢልክ የሚፈለገው ኤልፒ የተባለው ነው። ቀጥሎ የመሣሪያውን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ በዚህ ማሽን ላይ የተሰካ ነገር የለም ማለት ነው። አርኤም በሚለው ምልክት ፕሪንተሩ ያለበትን ማሽን ስም፣ አርፒ በሚለው ደግሞ ፕሪንተሩ እዚያ ማሽን ላይ የሚጠራበትን ስም ይሞላል። ኤስዲ በሚለው ላይ ፋይሎቹ ተራ የሚጠብቁበትን ዳይሬክተሪ ያመለክታል። ምልክቶቹ በኮለን ይለያያሉ፤ ጽሑፉ ከአንድ መስመር ካለፈ መስመሩ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ያጋደለ ሰረዝ ይደረጋል። ከዚያ ሰረዝ በኋላ አንዲት ባዶ ቦታ ብትቀር ቀጣዩ መስመር ይቆረጥና ፕሪንተሩ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ባዶዋ ቦታ ደግሞ በዓይን አትታይም። ዳይሬክተሪውን አስቀድሞ መፍጠርና ባለቤትነቱን ለኤልፒዲ መስጠትም ያስፈልጋል። ያ ካልተደረገ ኤልፒዲ ፋይሉን ማስቀመጫ ያጣል።

በሌላው ጫፍ፣ ፕሪንተሩ የተሰካበት ማሽን ላይ፣ የላኪው ማሽን ስም ሆስትስ ኤልፒዲ በሚባል ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት። ፓስወርድ የለም። ስሙ ያለ ይገባል፣ የሌለ ይመለሳል።

ሁለቱ ማሽኖች የሚነጋገሩት በፖርት 515 ነበር፤ ንግግራቸውም እጅግ አጭር ነው። ላኪው 2 ቁጥር ያለበትን አንድ ባይት ከወረፋው ስም ጋር ይልካል፦ ሥራ ላመጣብህ ነው እንደማለት። ተቀባዩ እሺ ካለ ዜሮ የሆነ አንድ ባይት ይመልሳል። ቀጥሎ ላኪው የፋይሉን መጠን በቁጥር ይናገርና ፋይሉን ያፈሳል፤ እንደገና ዜሮ ይመጣል። ከዋናው ፋይል ጋር አብሮ የሚሄድ መቆጣጠሪያ ፋይል አለ፤ እያንዳንዱ መስመሩ በአንድ ፊደል ይጀምራል። ኤች ከየትኛው ማሽን እንደመጣ፣ ፒ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ጄ የሥራው ስም ምን እንደሆነ ይነግራል።

ለዚያች ዜሮ ባይት ትልቅ ቦታ እሰጣታለሁ፤ የሥርዓቱ ብልሃትም ጉድለትም እሷ ላይ ነው። ዜሮዋ የምትናገረው ፋይሉ ወደ ሌላው ማሽን ስፑል መግባቱን ብቻ ነው። ፖስታ ቤት አደራ ደብዳቤ ሲቀበል የሚሰጠውን ደረሰኝ አስቡት፤ ደብዳቤው ፖስታ ቤቱ መድረሱን እንጂ የተላከለት ሰው እጅ መግባቱን አይነግርም። ወረቀት አልቆ፣ ቀለም ደርቆ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ላኪው ግን ሥራው እንደተሳካ ያምናል። ኤልፒኪው በሚለው ትእዛዝ የሩቁን ወረፋ ማየት ይቻል ነበር፤ ለትእዛዙ የሚመለሰው መልስ ግን ለሰው ዓይን የተዘጋጀ፣ በየማሽኑ የተለያየ ጽሑፍ ስለነበረ ሌላ ፕሮግራም አንብቦ ሊረዳውና ለተጠቃሚው ሊያሳውቅለት አይችልም። ስታልማን አጣሁት ያለውን ነገር በርክሌይም አልመለሰውም።

ይህ አሠራር 7 ዓመት ከሠራ በኋላ ነው በወረቀት የሰፈረው። ነሐሴ 1990 የወጣው አርኤፍሲ 1179 የተባለ ሰነድ አዲስ ደንብ ሊያወጣ አልተነሳም፤ በየቦታው የሚሠራውን ገልጾ ጻፈ እንጂ። ላኪው ግንኙነቱን መጀመር ያለበት ከ721 እስከ 731 ካሉት ፖርቶች በአንዱ እንደሆነም አሰፈረ። ዩኒክስ ላይ ከ1024 በታች ያለውን ፖርት መክፈት የሚችለው ሥልጣን ያለው ሩት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከእነዚህ ፖርቶች የመጣ ሰው ታማኝ ነው ተብሎ ተገመተ። ማንም ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሩት መሆን ከጀመረ ወዲህ ግምቱ ዋጋ አጣ። በሥራ ላይም መዘዝ ነበረው፦ ፖርቶቹ 11 ብቻ ናቸው፣ አንዱ ከተዘጋ በኋላ እንደገና እስኪለቀቅ ደቂቃዎች ይወስዳል። አከታትሎ 12 አጫጭር ሥራ የላከ ሰው 12ኛው ምን ያዘው ብሎ ይጨነቃል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ፖርት እየጠበቀ ነው።

በርክሌይ ይህን ሲያደርግ ኤቲ ኤንድ ቲ በሲስተም ፋይቭ ዩኒክሱ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። እዚያ ማተሚያው ትእዛዝ ኤልፒ ነው፤ ፕሪንተር የሚጨመረው ፋይል በማረም ሳይሆን ኤልፒአድሚን በሚል ትእዛዝ ነው። አይቢኤም ደግሞ ኤአይኤክስ ለተባለው ዩኒክሱ የራሱን ሠራ። የሦስት ኩባንያ ማሽን በአንድ ክፍል የሰበሰበ ዩኒቨርሲቲ አንድን ፕሪንተር በሦስት ቋንቋ ያስተዋውቅ ነበር፤ የሩቅ ፕሪንተር ጉዳይ ሲሆን ግን ሁሉም ዞሮ ዞሮ ወደ ፖርት 515 ይመጣሉ።

ፕሪንተሮቹ ራሳቸውም አልተቀመጡም። ሂውሌት ፓካርድ በ1984 ሌዘርጄትን፣ አፕል በጥር 1985 ሌዘርራይተርን አወጡ። የአፕሉ 6,995 ዶላር ነበር። ዋጋው የተወደደው በውስጡ የራሱ ኮምፒውተር ስላለ ነው፤ ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በ1982 ያቋቋሙት አዶቤ የፈጠረውን ፖስትስክሪፕት የተባለ የገጽ መግለጫ ቋንቋ ያነባል። ለዩኒክስ ሰዎች ይህ ጸጋም ፈተናም ሆነ። ፖስትስክሪፕት የሚያውቅ ፕሪንተር ተራ ጽሑፍ ሲላክለት ምንም ሳያወጣ ዝም ይላል። ሌዘርጄት በበኩሉ ተራውን ጽሑፍ ይቀበላል፤ ነገር ግን ዩኒክስ የመስመርን ፍጻሜ የሚያመለክተው በአንድ ምልክት ብቻ ነው፦ ወደ ታች ውረድ በሚል። ሌዘርጄት ውረድ ሲባል ይወርዳል፤ ወደ ግራ ጠርዝ ተመለስ የሚለው ሌላኛው ምልክት ስላልመጣለት ግን ቀጣዩን መስመር ያቆመበት ላይ ይጀምራል። ገጹ ላይ የመጀመሪያው መስመር በግራ፣ ሁለተኛው መሐል፣ ሦስተኛው ቀኝ ጠርዝ ላይ ይሆንና የቀረው ከወረቀቱ ውጭ ይቀራል። ዩኒክስ ላይ ፕሪንተር ያቆመ ሰው ይህን ደረጃ መሳይ ገጽ ሳያይ ያለፈ ጥቂት ነው።

ማስተካከያው ማጣሪያ ነበር። ፕሪንትካፕ ውስጥ አይኤፍ በሚለው ምልክት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይጠራል፤ ፕሮግራሙ የሚመጣውን ፋይል የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ይመለከታል። የፐርሰንት ምልክትና ቃለ አጋኖ ከሆኑ ፖስትስክሪፕት ነው፣ ይለፍ ይለዋል፤ ካልሆኑ በየመስመሩ መጨረሻ የጎደለውን ምልክት ይጨምርለታል። ከ1988 ጀምሮ ጎስትስክሪፕት የተባለው ነጻ ፕሮግራም መጣና ፖስትስክሪፕት የማያውቅን ርካሽ ፕሪንተር እንደሚያውቅ አድርጎ ያሠራው ጀመር።

የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎችም በዚህ በኩል ነው የገቡት። በፕሪንተሮቹ ውስጥ ተቀርጸው ከሚመጡት ፎንቶች መካከል ግዕዝ አልነበረም፤ ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ በኤልፒአር ቢላክ የሚወጣው ትርጉም አልባ ምልክት ነው። ብርሃኑ በየነና ጀርመናውያን ባልደረቦቹ ላቴክ ለተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሥርዓት ያዘጋጁት ኢትዮፕ የተባለ ጥቅል መውጫ ነበረው። ጸሐፊው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይተይባል፤ ላቴክ ፊደሉን ይቀይራል፤ የግዕዙ ቅርጽ ከጽሑፉ ጋር ፖስትስክሪፕት ፋይል ውስጥ ተጭኖ ይሄዳል። ፕሪንተሩ ግዕዝን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ቅርጹን ይስላል። አንድ ሐ ወረቀት ላይ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ የሄዱ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

በ1991 ሌላ ለውጥ ተከተለ። ሂውሌት ፓካርድ ጄትዳይሬክት የተባለ የኔትወርክ ካርድ ያለው ሌዘርጄት አወጣ፤ ፕሪንተሩ ከእንግዲህ ማንም ኮምፒውተር ላይ መሰካት አያስፈልገውም። ኢተርኔቱ ላይ በራሱ አድራሻ ይቆማል። አስተዳዳሪው ከፕሪንተሩ ላይ የሙከራ ገጽ ያወጣና የካርዱን ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩን ዩኒክሱ ላይ ባለ የቡትፒ ፋይል ይመዘግበዋል፤ ፕሪንተሩ ጠፍቶ ሲበራ አድራሻዬ ማነው ብሎ ይጠይቃል፣ ዩኒክሱም ይመልስለታል። አድራሻ የሚሰጠው ያጣ ካርድ 192.0.0.192 የሚለውን ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ያን ቁጥር ወረቀት ላይ ያየ ባለሙያ ቡትፒ እንዳልደረሰው ወዲያው ያውቃል። ከዚያ በኋላ ፕሪንትካፑ ያው የድሮው ነው። አርኤም ላይ የፕሪንተሩ የራሱ ስም ይጻፋል፤ አርፒ ላይ ደግሞ ሮው ወይም ቴክስት። ቴክስት ከተባለ ያንን ደረጃ መሳይ ገጽ የሚያስቀረውን ምልክት ካርዱ ራሱ ይጨምራል፤ ሮው ከተባለ የመጣውን ሳይነካ ያሳልፋል። ከ515 ሌላ ፖርት 9100ም ነበረ፤ እሱ ጥያቄም መልስም የለውም፣ የተላከለትን ሁሉ ያትማል።

አሁን ፕሪንተሩ አእምሮ አለው፤ ቢጠየቅ ሊመልስ ይችላል። መጋቢት 1995 የወጣ አርኤፍሲ 1759 የተባለ ደንብ የወረቀቱን ትሪ፣ የቀለሙን መጠን፣ የክዳኑን መከፈት በኔትወርክ ለመጠየቅ አስችሎ ነበር። ኤልፒአር ግን አይጠይቅም። ጥያቄው በአንድ መስመር፣ ማተሙ በሌላ መስመር ይሄዳል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አልነበረም። ፓትሪክ ፓወል ኤልፒአር-ኤንጂ የተባለውን የተሻለ ስፑለር ጻፈ፤ ስህተትን አብራርቶ በመናገር ከቀዳሚዎቹ ይልቅ ብዙ ተራምዷል። ያም ሆኖ በጥር 2001 ራመን የተባለው የኮምፒውተር ትል ሬድ ሃት 7.0 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት የተጫነባቸውን ማሽኖች የወረረው በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ በነበረ ቀዳዳ በኩል ነው። ታማኝነትን በስም ዝርዝር የሚለካው የ1983 ዓለም ማብቃቱን ያ ወር በግልጽ አሳየ።

መፍትሔው በዚያን ጊዜ ተጽፎ አልቋል። ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ የፕሪንተርና የሶፍትዌር ኩባንያዎች ባለሙያዎች በኢንተርኔት ላይ የሚሠራ አንድ የጋራ የማተሚያ ፕሮቶኮል ለመንደፍ ተሰብስበው ነበር። አይፒፒ የተባለው የዚህ ፕሮቶኮል የመጀመሪያ እትም ሚያዝያ 1999 ወጣ፤ የጸናው 1.1 ደግሞ መስከረም 2000 ተከተለ። ድረ ገጾች በሚሄዱበት በኤችቲቲፒ ላይ ይሄዳል፤ ፖርቱ 631 ነው። ላኪው ሥራውን ከመስጠቱ በፊት ፕሪንተሩን ይጠይቃል፦ ምን ዓይነት ፋይል ታነባለህ፣ ምን ዓይነት ወረቀት አለህ፣ በሁለቱም ገጽ ታትማለህ? ሥራው ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚያ ቁጥር የት እንደደረሰ፣ ተጠናቅቆ እንደሆነ ወይም ተቋርጦ እንደሆነ ይጠየቃል። ፕሪንተሩ ከቆመ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ ከተደነገጉት ምክንያቶች መካከል ወረቀት አልቋል፣ ክዳን ተከፍቷል፣ ወረቀት ጃም አድርጓል የሚሉት ይገኙበታል። ስታልማን ለአንድ ላቦራቶሪ ጽፎት የነበረው መልእክት ከ20 ዓመት በኋላ የየትኛውም ፕሪንተር ግዴታ ሊሆን ጀመረ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሌዘሩ ቀጥሎ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው።

ደንብ ብቻውን አያትምም። ሜሪላንድ ውስጥ ኢዚ ሶፍትዌር ፕሮዳክትስ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ የነበረው ማይክል ስዊት በ1997 ለዩኒክስ ሁሉ የሚሆን አንድ የማተሚያ ሥርዓት መጻፍ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ያሰበው በኤልፒዲ ሊያቆመው ነው፤ የፕሮቶኮሉን ድክመት ሲያይ ወደ አይፒፒ ዞረ። ካፕስ የተባለው ይህ ሥራ በ1999 ለሕዝብ ወጣ። ብልህነቱ የቆየውን አለማፍረሱ ነው፦ የበርክሌዩን ኤልፒአርም የሲስተም ፋይቩን ኤልፒም ይቀበላል፤ ሁለቱም ትእዛዞች ከሥር ወደ አንድ ወረፋ ይገባሉ። ፕሪንትካፕን ማረም ቀረ። በብራውዘር የራስን ማሽን በፖርት 631 ከፍቶ ፕሪንተር ጨምር የሚለውን መጫን በቂ ሆነ። በዚያው በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል አካትቶ ነበር፤ ለአማርኛ ጽሑፍም ከላቲን ትየባ የሚገላገልበት መንገድ ተከፈተለት።

የሊኑክስ ስርጭቶች ካፕስን እየተከተሉ ወሰዱት። አፕል በ2002 ማክ ኦኤስ ኤክስ 10.2 ላይ አስገባው፤ በ2007 ስዊትን ቀጥሮ ሶርስ ኮዱን ገዛ፤ ሆኖም ካፕስ ነጻ ሶፍትዌር እንደሆነ ቀረ። በኅዳር 2010 አፕል ከስልክ ማተም የሚያስችለውን ኤርፕሪንትን ሲያወጣ ስልክ ላይ የፕሪንተር ድራይቨር መጫን ስለማይቻል ፕሪንተሩ ራሱ በአይፒፒ ራሱን ማስተዋወቅ ነበረበት። የፕሪንተር አምራቾች በስልክ ገበያ ላለመቅረት ተሯሯጡ። በ2013 አይፒፒ ኤቭሪዌር የተባለው ደንብ ይህንኑ ለሁሉም ሥርዓት ከፈተው። ስለዚህ ዛሬ ዩኒክስ ወይም ሊኑክስ ላይ የሩቅ ፕሪንተር የሚያቆም ሰው በአንድ የኤልፒአድሚን ትእዛዝ ስሙንና በአይፒፒ የሚጀምረውን አድራሻ ይሰጥና ሞዴሉ ላይ ኤቭሪዌር ይላል። የቀረውን ካፕስ ፕሪንተሩን ጠይቆ ይሞላዋል።

ስዊት በታኅሣሥ 2019 ከአፕል ወጣ፤ የካፕስ ሥራም ኦፕንፕሪንቲንግ ወደተባለው ስብስብ ተሻገረ። መስከረም 26 ቀን 2024 ሲሞኔ ማርጋሪቴሊ የተባለ የደህንነት ተመራማሪ ካፕስ-ብራውዝድ የተባለው ረዳት ፕሮግራም በፖርት 631 ከየትም የሚመጣለትን የፕሪንተር ማስታወቂያ ሳይመረምር እንደሚቀበል ይፋ አደረገ። አጥቂው የሐሰት ፕሪንተር ያስተዋውቃል፤ ተጠቃሚው ወደዚያ ፕሪንተር ሲልክ የአጥቂው ትእዛዝ በራሱ ማሽን ላይ ይፈጸማል። ኦፕንፕሪንቲንግ ያንን የቆየ የማስተዋወቂያ መንገድ ከፕሮግራሙ አውጥቶ ጣለው።

የድሮዎቹ በሮች ግን ገና አልተዘጉም። ብዙ የቢሮ ፕሪንተሮች ዛሬም ከ631 ጎን 515ንና 9100ን ከፍተው ይመጣሉ፤ በ1983 ደንብ የተጻፈ ፕሪንትካፕ ያለው ማሽን ዛሬ የተገዛ ፕሪንተር ላይ ሊያትም ይችላል። ይህ የሚደነቅ ታማኝነት ቢሆንም ፕሪንተሩን ለሚያስተዳድር ሰው የምለው ግልጽ ነው፦ ሁሉም ላኪዎችህ አይፒፒ የሚያውቁ ከሆነ 515ንና 9100ን ከፕሪንተሩ መቼት ላይ ዝጋቸው፣ 631ንም ምስጢር ጠባቂ በሆነው የአይፒፒ ዓይነት ተጠቀምበት፣ ፕሪንተሩን ከውጭው ኢንተርኔት አርቀው። ተርሚናሉ ላይ የተቀመጠው ተጠቃሚ በዚህ ምንም አይጎድልበትም። ኤልፒአር ብሎ የፋይሉን ስም ይጽፋል፤ ወረቀት ካለቀ ኤልፒስታት በሚለው ትእዛዝ ባለበት ሆኖ ያየዋል።